ሦስተኛው ፎቅ የለም

ሕንፃው ሁለተኛ ፎቅ ላይ አልቋል።

ሸሪፋ ያሕያ አዲስ አበባ፣ ቦሌ መንገድ ዳር ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀምጣ እንደገና ቀና አለች። ከሁለተኛው ፎቅ በላይ ወደ ሰማይ የተቀሰሩ የብረት ጫፎችና አንድ ጥቁር የውሃ ሮቶ ብቻ ይታያሉ። በእጇ የያዘችው የቅጥር ደብዳቤ ግን «ሦስተኛ ፎቅ፣ የሰው ኃይል ክፍል» ይላል። ማኅተም አለው። ፊርማ አለው። ቦታው ብቻ የለም።

«ወንድሜ፣ ዓባይ ማዶ ሎጂስቲክስ የሚባል ድርጅት እዚህ ነው?» ስትል የሕንፃውን ጥበቃ ጠየቀችው።

ጥበቃው ሻንጣዋን አየ። ቀጥሎ ፊቷን አየ።

«አንቺም ሥራ ተብለሽ ነው የመጣሽው?»

«አንቺም» ሲላት ደብዳቤውን አጠፈችው።

«ሌላም ሰው መጥቶ ነበር?»

«ኧረ ስንቱ! አንዱማ ትናንት እዚህ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ዋለ።»

ሸሪፋ ስልኳን አወጣች። ከደብረ ማርቆስ እስክትነሳ ድረስ ገና ሲጠራ ይነሳ የነበረው ቁጥር አልጠራ አለ። ጥበቃው አዘነላትና የራሱን ስልክ አቀበላት። በሱ ስልክ ጠራ።

«ዓባይ ማዶ ሎጂስቲክስ፣ ጤና ይስጥልኝ» አለች ሸሪፋ በደንብ የምታውቃት ያች ለስላሳ የሴት ድምፅ።

«ሸሪፋ ነኝ። ሕንፃው ሥር ቆሜያለሁ።»

መስመሩ ተቋረጠ።

ለላፕቶፕ ማስያዣና ለስልጠና ተብሎ የተጠየቀችውን ገንዘብ አባቷ ለሱቁ ጨርቅ ሊያመጡበት ካስቀመጡት ላይ ነው ያነሱላት። እዚያ ሕንፃ ሥር ቆማ ያሰበችው ግን ስለ ገንዘቡ አልነበረም። ጎረቤቱ ሁሉ መርቆ ነው የሸኛት። አሁን በምን ፊቷ ትመለስ?

ተመለሰች። ቤቷ ግን አልገባችም። ከመናኸሪያው በቀጥታ ሻንጣዋን እየጎተተች ደብረ ማርቆስ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

*

ኢንስፔክተር ሥራነሽ የምትታወቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስሟ ነው። የከተማው ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ስታልፍ እያዩ «ሥራ ነሽ ወይ?» ብለው ይቀልዱባታል፤ እሷም «ነኝ፤ ለሌባ ብቻ» ብላ ታልፋለች። ሁለተኛው አሰማሟ ነው። ሰው ሲያወራ እጇ እስክሪብቶ አይነካም። መጀመሪያ ትሰማለች። ከዚያ ትጠይቃለች።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለቻት።

«ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ አየሁ። ማስረጃዬን ላክሁ። በማግሥቱ አለፍሽ አሉኝ።»

«ያለ ፈተና?»

«ያለ ፈተና።»

«ቃለ መጠይቅስ?»

ሸሪፋ አንገቷን ደፋች። «እሱም የለም። ደስ ስላለኝ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።»

«ክፈይ ያሉሽ መቼ ነው?»

«ደብዳቤው ከደረሰኝ በኋላ። ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ካልከፈልሽ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል አሉኝ። እኔም አባቴም ቁጭ ብለን ለማሰብ ጊዜ አልነበረንም።»

«ጊዜ ያልሰጧችሁ እንዳታስቡ ነው» አለች ሥራነሽ። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። «ሠራተኛ ይከፈለዋል እንጂ ለመቀጠር አይከፍልም። ገንዘቡን ያስገባሽው በማን ስም ነው?»

«የኔአለም ፈንታ በምትባል። የሂሳብ ክፍል ሠራተኛችን ናት አሉኝ።»

በሩ አጠገብ የቆመው ዋና ሳጅን አበባው ቀበቶውን አጠበቀ። ብዙ ዘመን ያገለገለ፣ ሌባ መሸሽ ሳይጀምር መያዝ የሚወድ ሰው ነው።

«ስም ካለ ሌባ አለ ኢንስፔክተር። ዛሬውኑ እናምጣት።»

«ሌባ በገዛ ስሙ ይሰርቃል?»

«ሌባ ሁሉ ብልህ አይደለም።»

ይህስ እውነት ነው። ሄዱ።

*

የኔአለም ፈንታን ባንኩ በሰጣቸው አድራሻ እዚያው ደብረ ማርቆስ ያገኟት ሥራ ላይ ነው። በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ፣ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛ፣ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ ነበር። ከቤት ሳትወጣ ለምትሠራው ሥራ ጠዋት ጠዋት እንደ ቢሮ ሰው ትለብሳለች።

ፖሊሶቹን ስታይ አልደነገጠችም። እንዲያውም አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን መታወቂያ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። ዓባይ ማዶ ሎጂስቲክስ። የሂሳብ ሠራተኛ።

ሥራነሽ መታወቂያውን ገልብጣ አየችው።

«ይሄን ማን ሰጠሽ?»

«በስልክ ልከውልኝ እኔው አሳተምሁት።»

ጣቢያ ወስደው ፊት ለፊት አስቀመጧት።

«አለቃሽን በዓይንሽ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አላየሁትም። ትእዛዝ የሚመጣልኝ በጽሑፍ ነው። አንዲት ሴት ደግሞ ትደውልልኛለች።»

«ቢሮውንስ?»

«ከቤት ሆኜ ስለምሠራ...»

«ምን ትሠሪላቸዋለሽ?»

«ደንበኞች ለጭነት የሚከፍሉት ገንዘብ በኔ ሂሳብ ይገባል። የኔን ድርሻ አስቀርቼ ቀሪውን ለዋናው ቢሮ አስተላልፋለሁ።»

«የድርጅት ገንዘብ በሠራተኛ የግል ሂሳብ ለምን ይገባል?»

የኔአለም ዝቅ ብላ መታወቂያዋን አየች። በሂሳብ አያያዝ ነው የተመረቀችው።

ሥራነሽ ተነስታ በሩን ከፈተች። ሸሪፋ ከነሻንጣዋ መተላለፊያው ላይ ቆማለች።

«ከደንበኞችሽ አንዷ ይችትና።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። እኩያሞች ናቸው። ባንድ ወቅት ባንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል።

«እ... እርስዎ ጭነትዎ ምን ነበር?» አለች የኔአለም በቀጭን ድምፅ።

«ጭነቱ እኔ ነኝ» አለች ሸሪፋ። «ሥራ ብለው የጫኑኝ እኔን ነው።»

የኔአለም መታወቂያውን ከአንገቷ አወጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ሌሎቹም? የከፈሉት ሁሉ?»

«ሁሉም» አለች ሥራነሽ።

የኔአለም እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ «ለደሞዝ ብዬ ያስቀረሁትን እመልሳለሁ። ቀጥሎ የምትጠይቁኝን ጠይቁኝ» አለች።

አበባው ሥራነሽን አየ። ሥራነሽ ግን የኔአለምን ነበር የምታየው።

*

በማግሥቱ የኔአለም አባት አቶ ፈንታ ሮብ ገበያ ከሚባለው አገራቸው መጡ። ድንች ከሚያወጡበት ማሳ ነው ተጠርተው የተነሱት፤ ጫማቸው ላይ ቀይ ጭቃ አለ። የጣቢያው ሰዎች ወንበር አቀረቡላቸው። አልተቀመጡም።

«ልጄን ሌባ ብላችሁ አሰራችኋት አሉ።»

«ተጠርጥራ ነው አባቴ። ይቀመጡ እስኪ።»

«አልቀመጥም። ሌባ ከሆነች አትፍቷት። እኔም አልጠይቃት። ካልሆነች ግን ሌባውን አምጡና ስሟን መልሱልኝ። ዘር ቢጠፋ ከጎረቤት ተበድሮ ይዘራል። ስም የሚበደሩት ከማን ነው?»

«ስሟን እመልስልዎታለሁ» አለች ሥራነሽ።

አበባው ደነገጠ። ብዙ ዓመት አብሯት ሲሠራ ለሰው ቃል ስትገባ ሰምቶ አያውቅም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ሌላ ሰው ጣቢያው መጣ። ድረስ ይባላል። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለ ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ አዳራሽ ተከራይቶ ለሥራ ፈላጊዎች ስልጠና ይሰጣል፤ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ቀጣሪ ፊት እንዴት እንደሚቀረብ። ወጣቶቹ ጋሽ ድረስ ይሉታል። ለስልጠናው ምንም አያስከፍልም፤ ወጪውን የሚሸፍኑልኝ በጎ አድራጊዎች አሉ ይላል።

«የኔአለም ጎበዝ ሰልጣኜ ነበረች» አለ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። «ተታልላ ነው እንጂ ሌባ አይደለችም። እባካችሁ እዘኑላት።»

«እናይላታለን።»

«እነዚህ አጭበርባሪዎች አዲስ አበባ ነው ያሉት። እዚህ ብትፈልጓቸው በከንቱ ትደክማላችሁ። ይልቅ አንድ ቀን መጥተሽ ልጆቹን ብትመክሪልኝ?»

«እመጣለሁ» አለች ሥራነሽ።

ሲወጣ ከአቶ ፈንታ ጋር በር ላይ ተገናኙ። አቅፎ አጽናናቸው።

*

ከየኔአለም ሂሳብ የወጣው ገንዘብ ሁሉ ሕሊና በምትባል ሴት ሂሳብ ውስጥ ገብቷል። የሚደወልበት ስልክም የተመዘገበው በዚችው ሴት ስም ነው። አገሯ ጉንደ ወይን ነው። አበባው ሄዶ ቤተሰቧን አነጋግሮ ተመለሰ።

«አዲስ አበባ ሥራ ከያዘች ከረመች ይላሉ። በስልክ ታገኛቸዋለች። አንድም ቀን ግን ልትጠይቃቸው አልመጣችም።» ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለው። «በቃ፣ ሌባዋ ታወቀች። ከእጃችን ግን ወጥታለች።»

«ወይም ሌላ የኔአለም ናት።»

«ኢንስፔክተር፣ እርስዎ ሰው ሁሉ የኔአለም ነው የሚመስልዎት።»

እሱ ሌላም የያዘው ነገር ነበር። ሸሪፋም የኔአለምም ማስረጃቸውን ኮፒ ያስነሱትና ያሳተሙት በአንድ ቤት ነው። ፈሐድ በሚባል ወጣት የኮምፒውተር ቤት። ስማቸው፣ ፎቶአቸው፣ ዲግሪያቸው ሁሉ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። አበባው ፈሐድን ከነኮምፒውተሩ ጣቢያ አመጣው።

«የሰው ማስረጃ ለማን ሸጥህ?» አለው።

«ወላሂ ለማንም!»

«ታዲያ እንዴት አወቋቸው?»

«ሳጅን፣ የከተማው ተመራቂ ግማሹ እኔ ቤት ነው የሚያሳትመው። ብሸጥ ኖሮ ሁሉም ተደውሎለት ነበር።»

«እሱንም እናጣራለን።»

ሥራነሽ አበባውን በእጇ ገታችው። ሁለቱን ሴቶች ባንድ ክፍል አስጠራቻቸው።

«አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ» አለቻቸው። «ሰው ከሚዋሸው ይልቅ የሚዋሽበት መንገድ ይነግራል። ከነገሯችሁ ሁሉ ልባችሁን የነካው ምኑ ነው? እንድታምኑ ያደረጋችሁ?»

ሸሪፋ ወዲያው መለሰች። «እናቴ ፋኢዛ ታማብኝ ሁለት ዓመት ሙሉ አስታመምኋት። ስመረቅ የነበረኝ ዕድል ሁሉ አለፈ። ሴትየዋ ደውላ ‹እናትሽን ያስታመምሽበትን ጊዜ እንደ ሥራ ልምድ ቆጥረንልሻል› አለችኝ። አለቀስሁ። ከዚያ በኋላ ያለችኝን ሁሉ አደረግሁ።»

«አንቺስ የኔአለም?»

«ቃለ መጠይቅ የለውም አሉኝ። እኔ... ፈታኝ ፊት ስቀርብ ምላሴ ይተሳሰራል። ሦስት መሥሪያ ቤት በዚሁ ወድቄያለሁ። ‹በጸጥታ የሚሠራ ሰው ነው የምንፈልገው› ሲሉኝ በቃ ለኔ የተፈጠረ ሥራ መሰለኝ።»

«ይሄ ማስረጃችሁ ላይ ተጽፏል?»

«እንዴት ተደርጎ?»

«ለፈሐድ አጫውታችሁታል?»

«ኧረ አላወራነውም» አለች ሸሪፋ።

«እንግዲያው ወረቀት አልነገራቸውም። ኮምፒውተርም አልነገራቸውም። ሰው ነው የሰማችሁ። ለማን ተናገራችሁት?»

ሁለቱ ተያዩ። መጀመሪያ የገባት የኔአለም ነች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ስልጠናው ላይ» አለች። «በየተራ ያስነሳንና... ጋሽ ድረስ ‹ከቀጣሪ ፊት የምትፈሩትን ነገር ጮክ ብላችሁ ተናገሩት፤ ያን ጊዜ ፍርሃቱ ይለቃችኋል› ይለን ነበር።»

«እኔም እዚያው ነው የተናገርሁት» አለች ሸሪፋ። «ከሷ በኋላ በነበረው ዙር።»

አበባው የፈሐድን ኮምፒውተር ተሸክሞ ወደ በሩ ሄደ። «ና፣ መኪና ላይ ልጫንልህ» አለው ፈሐድን በለሆሳስ። «ይቅርታ፣ ወንድሜ።»

*

ግምት ማስረጃ አይደለም። ሥራነሽ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ሰው ሚስጥር ሰማ ተብሎ አይከሰስም።

«የሴትየዋ ድምፅ አለሽ?» አለቻት ሸሪፋን።

ሸሪፋ ስልኳ ላይ አንድ የድምፅ መልእክት አስቀርታ ነበር። ከፈተችው። «ውድ ሸሪፋ፣ እንኳን ደስ አለሽ! አሁን ቦሌ ቢሮዬ ውስጥ ሆኜ ነው የምልክልሽ። ክፍያውን እንደፈጸምሽ...»

«እንደገና» አለች ሥራነሽ።

ደገመችላት። ከድምፁ ኋላ ጫጫታ አለ። የመኪና ጥሩንባ። የሚጮህ ሰው።

የኔአለም ከተቀመጠችበት ተነሳች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«ሮብ ገበያ» አለች።

«ምን?»

«‹ሮብ ገበያ፣ ሮብ ገበያ፣ ሁለት ሰው የቀረው› ነው የሚለው። የኛ አገር መኪና ረዳት ነው። ቤተሰቦቼ ጋ ስሄድ የምሳፈረው እዚሁ ማርቆስ መናኸሪያ ነው።»

ቦሌ ላይ ቆሞ ሮብ ገበያ ብሎ የሚጣራ ረዳት የለም። የድረስ አዳራሽ ደግሞ መስኮቱ የሚከፈተው ወደ መናኸሪያው ነው።

ሥራነሽ የብርበራ ትእዛዝ ልታወጣ ፍርድ ቤት ሄደች።

*

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ድረስ ኢንስፔክተሯን በፈገግታ ተቀበላት።

«ቃልሽን ጠበቅሽ! ልጆች፣ ዛሬ ታላቅ እንግዳ አለን።»

ከኋላዋ ሸሪፋና የኔአለም ሲገቡ ሲያይ ፈገግታው ትንሽ ቀነሰ። አበባው በሩ ላይ ቆመ።

ሥራነሽ ጊዜ አላጠፋችም።

«ሰሞኑን ዓባይ ማዶ ሎጂስቲክስ ከሚባል ድርጅት የቅጥር ደብዳቤ የደረሰው አለ?»

መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቀስ ብሎ አንድ እጅ ወጣ። ሌላ ተከተለ። ከዚያ ከየጥጉ እጅ በእጅ ላይ ሆነ። እርስ በርሳቸው እየተያዩ ደነገጡ፤ ለካ እያንዳንዱ ዕድሌን ሰው እንዳይቀማኝ ብሎ ሚስጥር አድርጎ ይዞት ኖሯል።

ገዳሙ የሚባል ረጅም ወጣት ተነሳ። «እኔ ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ክፈል ተብያለሁ። ብሩን ይዤዋለሁ።»

«ቢሮአቸውን አይተኸዋል?»

«አዲስ አበባ ነው።»

«ደውልላቸው። ድምፁን ክፍት አድርገው። ሳልከፍል ቢሮውን ልይ ብዬ አዲስ አበባ መጥቻለሁ፣ ሕንፃው ሥር ነኝ በላቸው። እውነተኛ ቀጣሪ ‹ግባ› ይልሃል።»

«ኢንስፔክተር» አለ ድረስ፣ «አሁን እኮ ስልጠና ላይ ነን...»

«ይሄም ስልጠና ነው። ስልክህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው።»

የድረስ እጅ ኪሱ ውስጥ ነበር። አበባው ሁለት እርምጃ ቀረበው። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

ገዳሙ ደወለ።

«ዓባይ ማዶ ሎጂስቲክስ፣ ጤና ይስጥልኝ።»

«ገዳሙ ነኝ። አዲስ አበባ ገብቻለሁ። ሕንፃው ሥር ነኝ፤ በየት ልግባ?»

«እ... ሦስተኛ ፎቅ ነው። ግን አሁን ሁላችንም ስብሰባ ላይ ስለሆንን ክፍያውን ፈጽመህ ነገ ብትመጣ...»

ያን ጊዜ በመስኮቱ በኩል ከታች ጩኸት መጣ።

«ሮብ ገበያ! ሮብ ገበያ! ሞላ፣ ሞላ!»

በዚያው ቅጽበት ጩኸቱ ከገዳሙ ስልክ ውስጥ ወጣ። ያው ድምፅ። ያው ቃል። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ከሁለት ወገን ሰማው።

ገዳሙ ስልኩን አየ። መስኮቱን አየ። ከዚያ ዓይኑ ቀስ ብሎ ከመድረኩ ጀርባ ወዳለችው፣ ሁልጊዜ «ዕቃ ቤት ነው» ወደምትባለው ዝግ በር ሄደ።

የሁሉም ዓይን ተከተለው።

አበባው በሩን ሊገፋ ሲል የኔአለም ቀደመችው። በጣቷ አንኳኳች።

«ሕሊና፣ የኔአለም ነኝ። ያች ብር የማስተላልፍልሽ። እኔም እንዳንቺ ተቀጥሬ ነበር። ክፈቺልኝ እህቴ።»

ቁልፍ ሲዞር ተሰማ። የወጣችው ልጅ ቀጭን ናት፤ አንገቷ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ተንጠልጥሏል። አዳራሹን ሙሉ ሰው ስታይ ግድግዳውን ተደገፈች። የመጀመሪያ ቃሏ ስለ ራሷ አልነበረም።

«ገዳሙ ማነው?» አለች። «እንዳትከፍል።»

*

ምርመራው ብዙ አልፈጀም።

«ክፍሉን ያከራየኋት እኔ ነኝ፤ ምን እንደምትሠራ አላውቅም» አለ ድረስ። «ስልኩ በሷ ስም ነው። የባንክ ሂሳቡ በሷ ስም ነው።»

«አዳራሹን ስንበረብር ባገኘነው ካዝናህ ውስጥ ዲግሪዋ ምን ይሠራል?»

ድረስ ኮፍያውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ዋናው ዲግሪዋ ነው ድረስ። ቅጂ አይደለም። ካጠገቡም ከባንክ ያስወጣሃት ገንዘብ ነበር።»

ሕሊና ሁሉንም ተናግራለች። ከድረስ የመጀመሪያ ሰልጣኞች አንዷ ነበረች። ለአዲስ አበባ ድርጅት በስልክ ደንበኛ ታስተናግጃለሽ ብሎ ቀጠራት፤ ለዋስትና ነው ብሎ ዲግሪዋን ወሰደ። ነገሩ ሲገባት ልውጣ አለችው። «ውጪ። ስልኩም ሂሳቡም በስምሽ ነው፤ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ» አላት። ለቤተሰቦቿ አዲስ አበባ ነኝ እያለች እዚያች መስኮት ሥር ስትደውል ኖረች።

«የአንዷን ስም ወሰድህ። የሌላዋን ድምፅ ወሰድህ» አለች ሥራነሽ። «አንተ ራስህ ግን የትም የለህም። ለምን?»

ድረስ እጁን አየ። ሲናገር ድምፁ የአሰልጣኝ ድምፅ አልነበረም።

«መጀመሪያ ላይ እውነቴን ነበር። አንድ ድርጅት ልጆቹን አሰልጥንልን፣ እንቀጥራቸዋለን ብሎኝ ነበር። አሰለጠንሁ። ልጆቹ ለብሰው ተሰልፈው ሄዱ። ድርጅቱ ሐሳቡን ቀየረና መለሳቸው። የሰደቡት ድርጅቱን አይደለም፤ እኔን ነው። አዳራሹ ባዶ ሆነ። ኪራዩ ተከመረብኝ። አንድ ቀን አንዷ ስታለቅስብኝ፣ ዝም እንድትል ብዬ ‹ማስረጃሽን የወደደ መሥሪያ ቤት አለ› ብዬ ዋሸኋት። ሳቀች። እጄን ሳመችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። የምሰጣቸው ሥራ የለኝም፤ ተስፋቸው ግን በእጄ ነው።»

«ሸጥኸው።»

«እነሱም ገዙኝ።»

«አልገዙህም» አለች ሥራነሽ። «አምነውህ ነው። በየተራ ተነስተው ቁስላቸውን አሳዩህ። አንተ ቁስላቸው ላይ ዋጋ ለጠፍህበት። ስልጠናው በነፃ የሆነው ለዚህ ነው።»

ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«የኔአለምን ለምን መረጥህ?»

«ሰው ስለሷ ቢጠይቅ ክፉ የሚናገርባት አይገኝም» አለ ቀና ሳይል። «ንጹሕ ስም ፈልጌ ነው።»

ሥራነሽ እስክሪብቶዋን ያነሳችው ያን ጊዜ ነው።

*

ሕሊና በሥራነሽ ስልክ ጉንደ ወይን ደወለች። «አዲስ አበባ አይደለሁም እማ» ብላ ጀመረች። ከዚያ በላይ የተናገረችው አልተሰማም፤ ሁሉም ክፍሉን ለቀውላት ወጥተዋል። በሚቀጥለው ቀን እናቷ መጡ። አልተቆጧትም። ራሷን ደረታቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።

ገዳሙ አልከፈለም። በዚያ ቀን ሊከፍሉ የነበሩ ሌሎችም አልከፈሉም። ከካዝናው የተገኘው ለባለቤቶቹ ሲመለስ የሸሪፋም አባት ድርሻቸውን አገኙ፤ የተበላው ግን ተበልቷል። አዳራሹ ከተዘጋ በኋላ ወጣቶቹ መገናኘት አልተውም። ማስታወቂያ የደረሰው ሰው ለብቻው አይደብቀውም። ለሌሎቹ ያሳያል። ቢሮው አገር ውስጥ ካለ አንዱ ሄዶ በዓይኑ ያየዋል። የሸሪፋ ድርሻ መደወል ነው። «ክፍያ አለው ወይ?» ትላለች ገና ከሰላምታው። ብዙው ስልክ እዚያ ላይ ይዘጋል።

የኔአለም ነፃ ወጣች። ዐቃቤ ሕግ ዋና ምስክሩ አደረጋት።

በችሎቱ ቀን አቶ ፈንታ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ሸሪፋ። ድረስ በተከሳሽ ቦታ ቆሟል። የኔአለም ምላ ቆመች።

«ስም?» አሉ ዳኛው።

«የኔአለም ፈንታ።»

«ዕድሜ?»

ተናገረች።

«ሥራ?»

ይህን ጥያቄ ሽሽት ከሰው ሠርግ የቀረችበት ጊዜ ነበር። ከአብሮ አደጎቿ መንገድ የቀየረችበትም ጊዜ ነበር። ሥራነሽ ከኋላ ወንበር ሆና አየቻት። የኔአለም አልቸኮለችም።

«ሥራ ፈላጊ ነኝ፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለች። አንገቷን አልደፋችም።

ዳኛው ጻፉት። «ያየሽውን ተናገሪ» አሏት።

ወደ ተከሳሹ ዞራ ፊት ለፊት እያየችው ጀመረች።